ሃምሳ ዘጠኙን አልሰርዝም

ወደ ዲክሲስ ያዛወሩኝ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ብለው ነው። ደብዳቤው እንደዚያ ይላል። እኔ ሐመልማል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማሪ መዝገብ ስይዝ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ የማላውቅ ሴት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሥራ አላቀላጥፍ ብዬ! ይሁን። እዚህም ሰው አለ፣ እዚህም ስንዴ አለ፤ ብርዱ ትንሽ ይብሳል እንጂ። ግን ነገሩ በሰው አፍ ተጣሞ ሲወራ ሰማሁና አንጀቴ አረረ። አንዱ «ፈተና ሰርቃ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከዳይሬክተሩ ጋር ተደባድባ ነው» ይላል። ማርያምን አልተደባደብኩም። ልደባደብ ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔው ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤቱ ከሳጉሬ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ እዚያው ናቸው። እኔ ሬከርድ ኦፊሰር ነበርኩ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ስንት አመጣ፣ ማን ቀረ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተር የምመዘግበውም እኔው ነኝ። ትልቅ ሥልጣን ሆኖ አይደለም፤ ሌላው ሰው ያንን ሥራ ስለሚጠላው ነው።

አምና መቶ አርባ ልጅ አስፈተንን። ውጤቱ ሲመጣ ያለፈ የለም። አንድም። መምህራን ክፍል ውስጥ ያን ቀን ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ትምህርት ቤቱ የታመመው ከዚያ ወዲህ ነው። ሚኒ ሚዲያው ተዘጋ፤ የልጆቹ ድራማ ቀረ፤ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ተሰጠ። ላቦራቶሪው፣ ድሮም ያለው ሁለት የተሰነጠቀ ብርጭቆና አንድ ሚዛን ነው፣ የጥያቄ ወረቀት ማከማቻ ሆነ። ጠዋት ወርክሺት፣ ከሰዓት ወርክሺት። ልጆቹ ኤ ቢ ሲ ዲ ሲያጠቁሩ ይውላሉ። አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?» ካለ መልሱ «ፈተና ላይ አይመጣም፣ እለፈው» ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችን ከለቀቀ ስምንት ወር ሆኖታል፤ የፊዚክስ ወርክሺት ግን በየሳምንቱ ይታደላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ዳይሬክተራችን አቶ ወንድምአገኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ይሄን ስል የሚናደዱብኝ አሉ፤ ይናደዱ። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ልጆቹን ጭላሎ ግርጌ ድረስ ይዞ ወጥቶ፣ አፈሩንና ድንጋዩን በእጃቸው እያስያዘ ነበር የሚያስተምረው። ወንበሩ ላይ ከወጣ በኋላ ነው ከመቶ ስንት፣ ከመቶ ስንት ማለት ያመጣው። ጥር መጀመሪያ ላይ አሰላ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ ቢሮዬ ገባ፣ በሩን ዘጋና ኮቱን እንኳን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

«ወይዘሮ ሐመልማል፣ አስነሱኝ እኮ» አለኝ።

«ማን?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት። ዜሮ ያሳለፋችሁ ተነሱ ተባለ። ተነሳሁ። ተማሪ ሆኜ እንኳን እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።»

አሳዘነኝ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሻይ ላስመጣልዎ አልኩት። አይ ብሎ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ዘንድሮ ያሉን መቶ ሠላሳ አንድ ናቸው። የሚመዘገቡት እነዚህ ሰባ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሃምሳ ዘጠኙ በራሳቸው ፈቃድ ትምህርት እንዳቋረጡ ተደርጎ ይሰረዙ። ለከርሞ በግል ይፈተናሉ። በግል ሲፈተኑ ውጤታቸው በእኛ ስም አይቆጠርም።»

ገባችሁ? ከመቶ ስንት ሲባል ቁጥሩ እንዲያምር ልጆቹን መቀነስ። አራት ልጅ ካለፈ፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ ሲካፈል ሦስት ከመቶ ነው፤ ከሰባ ሁለት ሲካፈል አምስት ተኩል ይሆናል። ማንም ሰው አንዲት ፊደል ሳይማር ትምህርት ቤቱ ተሻሻለ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ያስነሱትን ሰዎች «አስተማሪ ስጡን» ብሎ መናገር ሲያቅተው ልጆቹ ላይ ዞረ።

«በምን ተመረጡ?» አልኩት።

«በሞዴል ፈተናው ነዋ። ታኅሣሥ ላይ በሰጠነው።»

ወረቀቱን አነበብኩት። ሃምሳ ዘጠኙ ስም ውስጥ ዓይኔ አንዱ ላይ ቆመ። ፈይሩዛ ሀሰኖ። በስድስቱም ትምህርት ዜሮ።

ፈይሩዛን አውቃታለሁ። ጎበዝ ናት ብዬ አላታልላችሁም። ከመቶ ሠላሳ አንዱ ሃምሳ ስምንተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ሒሳብ ትወዳለች፤ እንግሊዝኛ ያንቃታል። ከላይኛው ቀበሌ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትመጣለች። አንድ ቀን አርፍዳ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «እትዬ፣ ያረፈደው መንገዱ ነው፤ እኔስ በሰዓቴ ነው የተነሳሁት» ብላ ያሳቀችኝ እሷ ናት። አባቷ ኦቦ ሀሰኖ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ እርሻው ላይ ሰው ያስፈልገዋል። «ይቺን ዓመት ተማሪ፤ ዘንድሮ ተፈተኚ። ከዚያ በኋላ ግን ወንድሞችሽ ይማሩ፣ አንቺ ታግዢኛለሽ» ብሏታል። ጨክኖ አይደለም፤ ቤቱ ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው። ስለዚህ ለከርሞ በግል የሚባለው ነገር ለፈይሩዛ የለም። ዘንድሮ ካልተፈተነች አለቀ።

ሃምሳ ስምንተኛ የምትወጣ ልጅ በስድስት ትምህርት ዜሮ! እንዴት ሆኖ? ዓይኗን ጨፍና ብታጠቁር እንኳን ከአራቱ አንዱን ታገኝ የለም እንዴ? ተነስቼ የታኅሣሥን የስም መቆጣጠሪያ አወረድኩ። ገለጥኩት። ለካ የሞዴል ፈተናውን ሳምንት ሙሉ ቀሪ ናት። እሷ ብቻ አይደለችም። ከሃምሳ ዘጠኙ ሠላሳ ስምንቱ ያን ሳምንት ቀሪ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ከላይኞቹ ቀበሌዎች።

ያኔ ገባኝ። አገራችንን ለማያውቅ ልንገር። ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር ይመጣል። ማሽኑ ጥቂት፣ ማሳው ብዙ ነው፤ ተራ ይያዛል። ተራህ ደርሶ ማሳህ ዳር ካልተገኘህ ማሽኑ የቀጣዩ ሰው ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ባሌ ከተሻገረ ደግሞ ወዲያ አይመለስም። ስንዴህ እንደቆመ ዝናብ ይመታዋል፣ የዓመት ቀለብህ ይበቅልብሃል። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ሰው ማሽኑን ተከትሎ ከማሳ ማሳ እየዞረ ተራ ይጠብቃል። ማን ይጠብቃል? መጻፍና መከራከር የሚችለው ነዋ፤ ተማሪው ልጅ። ይሄን ሳጉሬ ገበያ ውስጥ ጎመን የምትሸጥ ሴት ሁሉ ታውቃለች። አቶ ወንድምአገኝ የከተማ ልጅ ነው፤ ስንዴ የሚያውቀው በዳቦ ነው። ሞዴል ፈተናውን በየትኛው ሳምንት አደረገው መሰላችሁ? ኮምባይነሩ ላይኛው ቀበሌ በገባበት ሳምንት! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

«አቶ ወንድምአገኝ፣ እነዚህ ሠላሳ ስምንቱ አልወደቁም» አልኩት። «ኮምባይነር ጥበቃ ላይ ነበሩ። ቀሪ ናቸው።»

«ያልተፈተነ ዜሮ ነው የሚሰጠው።»

«ቀሪ ቀሪ ነው፣ ዜሮም ዜሮ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለያይቼ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያልነበረ ሰው ዜሮ አያመጣም።»

«እሺ፣ የቀሩት ሃያ አንዱስ? እነሱ ቁጭ ብለው ተፈትነው ነው የወደቁት። ለነሱስ ምን ይሉኛል?»

እዚህ ላይ ያዘኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ግን ያቺ ስምንት ወር ባዶ የቆመች የፊዚክስ ወንበር ትዝ አለችኝና ደሜ ፈላ።

«መጀመሪያ አስተማሪ ያምጡላቸው፤ ከዚያ ይጣሏቸው። ያላስተማሩትን ፈትኖ ሰነፍ ማለት ነውር አይደለም እንዴ? እኔ ሃምሳ ዘጠኙን አልሰርዝም።»

«ወይዘሮ ሐመልማል፣ ትዕዛዝ ነው!»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ። ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ማህተም ያረፈበት። ‹ሃምሳ ዘጠኝ ተማሪ ሰርዢ› ይበሉና ይፈርሙበት፤ ከፋይሉ ጋር አያይዤ አሁኑኑ እሰርዛለሁ።»

በእኛ አገር መሥሪያ ቤት እንደዚህ ጥያቄ የሚፈራ ነገር የለም። በቃል ስንቱ ይታዘዛል! ጻፈው ሲሉት ግን እስክሪብቶ ይከብዳል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እኔ ሞኟ ያሸነፍኩ መስሎኝ ሻዬን አስመጥቼ ጠጣሁ።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ማክሰኞ ጠዋት ዘበኛችን ወልደሰንበት በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«እመት ሐመልማል፣ ወላጆቹን ምን እያስፈረሟቸው ነው? ከላይ ቀበሌ የመጡትን ሁሉ በተራ በተራ ጣት እያስነከሯቸው ነው።»

ነጠላዬን እንኳን በቅጡ ሳልለብስ ወጣሁ። ከስፖርት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ኦቦ ሀሰኖ ወገቡን ይዞ ሲወጣ አገኘሁት። አውራ ጣቱ ሰማያዊ ሆኗል። ፊቱ ፈክቷል።

«አዴ ሐመልማል፣ ለፈተናው ፈረምን እኮ» አለኝ በኦሮምኛ። «ለልጆቻችሁ ጥቅም ነው፣ ቶሎ በሉ ብለው ሰው ላኩብን።»

ገባ ብዬ ከማስፈረሚያው ጠረጴዛ ክምር ውስጥ አንዱን ያልተፈረመበት ወረቀት መንጨቅ አድርጌ አነሳሁ። በኦሮምኛ የተጻፈ ነው። ኦቦ ሀሰኖ ቋንቋው የእናቱ ነው፤ ማንበብ ግን አልተማረም። እዚያው ቆሜ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ «እኔ የተማሪዋ ወላጅ፣ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን በራሷና በቤተሰቧ ፈቃድ ያቋረጠች መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

«ምን አልሽ?» አለኝ። ደግሜ አነበብኩለት።

«ያ ረቢ!» አለ። አልጮኸም። ጣቱን አየው፤ በጋቢው ጠረገው፤ ቀለሙ አልለቅ አለ። ከዚያ ወገቡን እንደያዘ ቀስ እያለ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደ። እኔም ከኋላው፣ ሌሎቹም ወላጆች ከኋላዬ።

አቶ ወንድምአገኝ ሲያየን ተነሳ።

«ጣቴን መልሱልኝ» አለው ኦቦ ሀሰኖ።

«ምን?»

«ጣቴን። እናንተ ወረቀት ላይ የቀረውን። ልጄ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ዛሬ ጠዋት ከእኔ ጋር ነው የመጣችው፤ ያቻት ክፍል ውስጥ።»

«ኦቦ ሀሰኖ፣ ይቀመጡ እስቲ። እኛኮ ለልጅዎ ብለን ነው። ዘንድሮ ብትፈተን ትወድቃለች። ሞራሏ ይነካል።»

«ትውደቃ!» አለ ኦቦ ሀሰኖ። «የእኔ ማሳ ስንት ጊዜ ወድቋል። ዋግ ገብቶበት ሙሉውን ለከብት የለቀቅኩበት ዓመት አለ። ለከርሞ አትዝራ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

እልል ልል ነበር፤ አፌን በእጄ ያዝኩት። አቶ ወንድምአገኝ ወረቀቱ ፋይል ገብቷል፣ ተመዝግቧል፣ አይወጣም አለ። ውሸት ነው፤ ፋይል የማስገባ እኔ፣ አንድም አልደረሰኝም። ኦቦ ሀሰኖ አልተከራከረም። ጋቢውን ሰብስቦ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹም አጠገቡ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ። ዳይሬክተሩ ለምሳ መውጣት ፈለገ፤ በየት በኩል? አሥራ አምስት ሽማግሌ ረግጦ ነው የሚወጣው? ተመልሶ ተቀመጠ።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ወረቀት ይዞ ብቅ አለ። «ይኸው፣ የእርስዎ ነው። ፈይሩዛ ትመዘገባለች። በቃ?»

ኦቦ ሀሰኖ ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ። የፈይሩዛ ስም ነው፣ ጣቱም አለበት አልኩት። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ግን አልተነሳም።

«ወሰዱ አይደል? ምን ይጠብቃሉ?» አለው ዳይሬክተሩ።

«የእኔን ወሰድኩ። የጎረቤቶቼ ገና እዚያ ውስጥ ነው።»

ወገብ በሽተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ! ፈይሩዛ ከክፍል ወጥታ ደብተሯን አንጥፋ አስቀመጠችው። «አባ፣ ተነስ፣ ወገብህን ትሞታለህ» ብትለው «አንቺ ክፍልሽ ግቢ፣ ቀሪ ይሉሻል» አላት። አሥር ሰዓት ላይ ወረቀቶቹ በሙሉ ወጡ። አንድ በአንድ ስም እየጠራሁ አደልኳቸው። አንዷ እናት የእሷን እዚያው በጥርሷ ቀደደችው።

ረቡዕ ለምዝገባው በስልኬ ፎቶ ሳነሳ ፈይሩዛ ገባች። ፊቷ የታኅሣሥ ፀሐይ የላጠው ገና አልዳነም። ሂጃቧን አስተካከለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ፤ ግን አትንቀሳቀሺ።»

«ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ተጨቃጭቃችሁ ብወድቅስ? አባቴ ፊት፣ እርስዎ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

ስልኩን አስቀመጥኩ። «ስሚ ልጄ። መውደቅም ማለፍም የአንቺ ነው። ተፈትነሽ ብትወድቂ ወደቅሁ ትያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ትነሻለሽ። ሳትፈተኚ ሌላ ሰው ወድቃለች ብሎ ሲጽፍብሽ ግን ምንሽ ተብሎ ይለቀሳል?»

«እሺ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሳቄን ይዤው ነው እንጂ፣ እርስዎ ሲቆጡ አፍንጫዎ ያብጣል።» ባለጌ! ፎቶው ላይ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ይታያል፤ እንደዚያው ላክሁት።

ዓርብ መቶ ሠላሳ አንዱንም መዘገብኩ። አቶ ወንድምአገኝ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። «ይሄ ነገር ይቆጨናል» አለኝ። «እርስዎን ይቆጭዎ ይሆናል» አልኩትና ዝርዝሩን ላክሁት። እሱም በዚያው ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ይሄኛውን በጽሑፍ ለመስጠት እጁ አልከበደውም።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ወር ሌላ ጉድ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርቱና ወርክሺቱ ለሰባ ሁለቱ ብቻ ሆነ። ሰባ ሁለቱ ልጆች ግን ወረቀታቸውን ተቀብለው ሲወጡ አጥሩ ሥር ከሃምሳ ዘጠኙ ጋር ቁጭ ብለው ይካፈሉት ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ልጆች ከእኛ ይሻላሉ።

ደረሰ ፈተናው። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ተፈታኞች አሰላ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው፣ እዚያው አድረው ነው የሚፈተኑት፤ በተባለው ቀን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያልገባ አይፈተንም። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ባስ መጣ። አንድ አውቶቡስና አንድ ሚኒባስ፤ ሰባ ሁለት ሰው ልክ ይይዛሉ።

«የቀሩትስ?» አልኩት አቶ ወንድምአገኝን።

«የመጓጓዣው ጥያቄ የተላከው በጥር ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ሄዶ ይሆናል። ስህተት ነው።»

ስህተት ይሁን ተንኮል እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ስም እየተጠራ ሰባ ሁለቱ ተሳፈሩ። መኪኖቹ ሄዱ። ሃምሳ ዘጠኝ ልጅ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ከመካከላቸው አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ፈይሩዛ ግን ፌስታሏን አንስታ ወደ በሩ አመራች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«አሰላ ነዋ። በእግርም ቢሆን። ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ አሁን ከተነሳሁ ባልደርስም እቀርባለሁ።»

«ቁሚ አንቺ!» አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ሳጉሬ እህል የሚነግድ ሰላሁዲን የሚባል ሰው አለ፤ ሦስቱንም ልጆቹን እኔ ነኝ የመዘገብኳቸው።

«ሰላሁዲን፣ አይሱዙዎችህ የት ናቸው?»

«ስንዴ ሊጭኑ ቆመዋል። ምነው?»

«ስንዴውን ተወው። ልጅ ነው የምትጭነው። ሃምሳ ዘጠኝ፣ አሰላ ድረስ፣ አሁን።»

«ከስንዴ ይከብዳሉ?»

«ዘንድሮ የተጫነባቸውን ብታይ አትጠይቀኝም ነበር።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት አይሱዙ ሸራቸውን ወጥረው በሩ ላይ ቆሙ። ልጆቹ እንደ ዝንጀሮ ተንጠላጥለው ወጡ። እኔም ወጣሁ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከኋላ ሁለት ልጅ እየገፋኝ፣ ከላይ ፈይሩዛ እየጎተተችኝ። ልጁን ሊሸኝ መጥቶ የነበረው ኦቦ ሀሰኖ ወገቡን ስለሚያመው ጋቢና ተቀመጠ። አቶ ወንድምአገኝ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየናል። አንድ አፍታ የሚመጣ መሰለኝ፤ እግሩን ከደረጃው አወረደ። ከዚያ ዝናቡን አይቶ ተመልሶ ገባ።

መንገዱን አልነግራችሁም። ሸራው ያፈሳል፤ ሁላችንም የስንዴ አቧራ የተለጠፈበት ጭቃ ሆነናል። ልጆቹ ግን አንዱ ቀመር ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ፣ መሃል ላይ ደግሞ እየዘፈኑ፣ አሰላ ገባን። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ መኪናውን አየና «እህል እዚህ አይገባም» አለ።

«እህል አይደለም፣ ተፈታኝ ነው!» አልኩት ከላይ። ከደረቴ ውስጥ በላስቲክ የጠቀለልኩትን ዝርዝር አወጣሁ። መቶ ሠላሳ አንድ ስም፣ ከነፎቶው። ፖሊሱ ዝርዝሩን ወስዶ ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያየው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ አንድ በአንድ ይጠራቸው ጀመር። የተጠራ እየዘለለ ይወርዳል፣ መታወቂያውን ያሳያል፣ ይገባል። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ሠላሳ። አርባ። ሃምሳ አምስት።

«ፈይሩዛ ሀሰኖ!»

«አለሁ!» አለች። የጮኸችው ጩኸት! ፖሊሱ ደንግጦ ወረቀቱን ሊጥለው ነበር። «እሺ፣ ሰምተናል» አላት እየሳቀ። ወረደች፣ ተንሸራተተች፣ ጭቃው ላይ በእጇ ተደገፈች፣ ተነሳች፣ ገባች። ወደ ኋላ ዞራ አላየችንም። ኦቦ ሀሰኖ ከጋቢናው ወርዶ አጥሩን ይዞ ቆሞ ነበር። ሁለታችንም አለቀስን። ምን አሳፈረኝ፣ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

የዝውውሬ ደብዳቤ ነሐሴ ላይ ደረሰኝ። ውጤቱም ወጣ። አሁን እንግዲህ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። ዲክሲስም ያገኘኝ ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ፤ «ስንት አለፉ? ልጅቷስ አለፈች?»

አልናገርም!

ለምን እንደምትጠይቁ አውቃለሁኮ። ብዙ አልፈው ከሆነ «ሐመልማል ልክ ነበረች» ልትሉ ነው። ወድቀው ከሆነ ደግሞ «ዳይሬክተሩስ ምን አጠፋ፣ ያለውን ነው ያለ» ልትሉ ነው። ያኔ እናንተስ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ተነሱ እያሉ ካስነሱት ሰዎች በምን ተሻላችሁ? ውጤቱ የልጆቹ ነው። የፈይሩዛን የፈለገ ላይኛው ቀበሌ ድረስ ወጥቶ እሷኑ ይጠይቃት፤ የሚገባውን ትመልስለታለች። እኔ ግን ይሄን እነግራችኋለሁ፤ ሁሉም አልፈው ቢሆን ልክ ነበርኩ፣ አንድም ሳያልፍ ቀርቶ ቢሆንም ልክ ነበርኩ። ያን ዓመት ከትምህርት ቤታችን የተፈተኑት መቶ ሠላሳ አንድ ናቸው።